«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

እናቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አሜሪካ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት እንደምማር ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ማን እንዳወራው መገመት አያቅትም። ለእረፍት ስመጣ ታዲያ ቡና በተፈላ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይጠብቀኛል። «መድኃኒት ታዢያለሽ?» እና «መቼ ነው የምትጨርሺው?»

የመጀመሪያው ይቀላል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስቱ ነው፤ እሱ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች ተጨማሪ ሥልጠና ለወሰደ ሳይኮሎጂስት ይፈቅዳሉ። ግን እሱን ሳስረዳ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ነው ጣጣው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስታቲስቲክሱ፣ የአእምሮ ባዮሎጂው፣ የልጆች እድገቱ፣ የሙያ ሥነ ምግባሩ፣ የሥነ ልቦና ምርመራው አለ። ጎን ለጎን ፕራክቲከም አለ፣ ማለትም በሱፐርቫይዘር ሥር ሆነሽ ሰው ማየት። ታካሚው ፈቅዶ የተቀረጸውን ቪዲዮ ሱፐርቫይዘሬ እያስቆመች «እዚህ ጋ ለምን ዝም አላልሽም?» ትለኛለች። የራስን ድምፅ እንደዚያ መስማት ያሳፍራል፤ ከኮርሱ ሁሉ ግን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ አጠቃላይ ፈተናው፣ ዲሰርቴሽኑ ማለትም የመመረቂያ ምርምሩ፣ በመጨረሻም የአንድ ዓመት ሙሉ ኢንተርንሺፕ፣ የሥራ ልምምዱ። ተማሪው የሚፈልገውን ቦታ በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ቦታዎቹም ተማሪዎችን እንዲሁ። ኮምፒውተር ያገናኛል። እንደኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ምደባ ማለት ነው፤ የደረሰሽ ቦታ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ። ለሙያ ፈቃዱ ደግሞ 225 ጥያቄ ያለው ሌላ ፈተና ይጠብቃል።

ሳይዲ (PsyD) የሚባል ሌላ የዶክትሬት መንገድም አለ። ከምርምር ይልቅ ሕክምናው ላይ ያተኩራል። ግን ብዙውን ጊዜ ከኪስ ወይም በብድር ነው የሚማሩት። እኔ የምማረው ፒኤችዲ ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ይሸፍናል፣ ትንሽ ደሞዝም አለው። ለስደተኛ ልጅ ይህ ብዙ አያመራምርም።

ባለፈው የታችኛው ፎቋ እትዬ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ትምህርት አይገባውም አሉኝ፤ እስቲ መርምሪልኝ።»

የልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ተምሬያለሁ። ቀይና ነጭ ኩቦች ደርድሮ ሥዕሉን መምሰል ከክፍሎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የተማርኩበት መለኪያ ውጤቱ የሚተረጎመው ከአሜሪካ ልጆች ጋር በማነጻጸር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላደገ፣ በአማርኛ ለሚማር ልጅ ያንን ቁጥር ብነግራቸው ማሳሳት ነው። ደግሞም ያለ ሱፐርቫይዘር ማንንም መመርመር አልችልም።

እትዬ ከፋቸው። «ለኛ ሲሆን ፈቃድ የለኝም?»

ልጁ ግን ቴሌቪዥኑ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ዓይኑን አጨንቁሮ ያያል። ክፍል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኩት። የመጨረሻው ዴስክ ላይ አለኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ዓይኑን ያሳዩልኝ» አልኳቸው።

እናቴን ዞር ብለው አዩዋት። «ይቺን ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት?»