«አብሽር ዶክተር፣ ይገባል»

ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት መሆን ማለት ግማሹን ቀን «ወጌሻ አይደለሁም» እያሉ መዋል ነው። ሰው ገና ከበሩ ሲገባ እግሩን ይዘረጋልኛል። «እስቲ ጎተት አርገው» ይላል። እኔም ሳይንሱን ላስረዳ እሞክራለሁ። ከዚያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ጎተት አደርገዋለሁ።

ይቺንም ልጅ ጎተትኳት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክረምት ነበር፣ ጦሳ ጉም ለብሷል። እናትና ልጅ ከባቲ መጥተው አክስት ቤት አርፈዋል። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፤ ኪነት ቡድን ውስጥ እስክስታ ትወርዳለች። ቀኝ ትከሻዋን ያማታል። «ተሳስሯል ዶክተር» አለችኝ። (እዚህ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። መከራከር ትቻለሁ።) ስዳብሰው እውነትም አንገቷ ሥር ያለው ጡንቻ ድንጋይ ሆኗል። ክንዷን ወደ ላይ ሳነሳው ደግሞ ጆሮዋን አልፎ ወደ ኋላ ሄደ።

«ወይ መታደል!» ብዬ አደነቅኩ። ጡንቻው እንዲህ ከተሳሰረ ክንዱ እንዴት እዚያ ድረስ ይሄዳል? ይሄን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። 30 ሰከንድ እየያዝኩ ሦስት ጊዜ ሳብኩላት። «እፎይ» ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ብሶባት መጣች። ምን አደረግኩ? ጨምሬ ሳብኩ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ ክንዷን ወደ ጎን ከፍቼ ወደ ላይ እያዞርኩ ነበር። መዳፌ ሥር አንድ ነገር ተንሸራተተ። የክንዷ አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ወጥቶ ወደ ፊት ሲሄድ በእጄ አወቅኩት። ክቡ ትከሻ ጠፍጣፋ ሆነ። ላብ አጠመቀኝ። ልልቀቅ፣ አልልቀቅ፣ ሰው ልጥራ እያልኩ ልጅቷ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። በግራ እጇ የቀኝ ክርኗን ደገፈች። ጎንበስ አለች። ትከሻዋን አንዴ ሰበቅ አደረገችው።

ገባ።

ፊቷ አመድ መስሏል። የምታጽናናው ግን እኔን ነው። «አብሽር ዶክተር፣ ይገባል።»

(ይሄን አንብባችሁ የወጣ ትከሻ ቤት ውስጥ ለመመለስ እንዳትሞክሩ። ነርቭና የደም ሥር አጠገቡ ያልፋል። ወደ ሐኪም ሂዱ። እሷንም ያኔውኑ ሐኪም አይቷት ራጅ ተነስታለች፤ ደግነቱ የተሰበረ አልነበረም።)

እናትየው ከወንበራቸው አልተነሱም። «ወላሂ ልማዷ ነው» አሉ። ትምህርት ቤት ሳለች ክርኗን ወደ ኋላ እያጠፈች ታሳያለች፤ ልጆች ከረሜላ ይሰጧታል። ትከሻዋ ሁለቴ ወጥቶ ወጌሻ መልሶታል። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳትን ነገር አሉ፦

«ወጌሻው ‹ይቺ ልጅ መገጣጠሚያዋ ውሃ ነው፣ እንዳትጎትቷት› ብሎን ነበር። እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ነዎት ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔ የሞላሁት ቅጽ ላይ «ወድቃ ታውቃለች? አታውቅም» ይላል። ስለ ውልቃት ግን ቅጹም አይጠይቅ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ጋሼ የምለው ሲኒየራችን ሲሰማ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። መጥቶ የልጅቷን ትንሽ ጣት ወደ ኋላ ገፋ አደረገው፤ ከ90 ዲግሪ አለፈ። አውራ ጣቷ ተጣጥፎ ክንዷን ነካ። ክርኗ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ተቀለሰ። ጉልበቷን ሳታጥፍ ሙሉ መዳፏን መሬት ላይ አሳረፈች። የቤይተን ነጥብ የሚባለው ይሄ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለአዋቂ ከ9ኙ 5 ከደረሰ መገጣጠሚያው በጥቅሉ ልል ነው ይባላል። እሷ 8 አመጣች። ጉልበትም ወደ ኋላ ሲቀለስ ይቆጠራል፤ የእሷ አንዱ ጉልበት ብቻ ነው ያልተቀለሰው። የሚገርመው፣ ነጥቡ ውስጥ ትከሻ የሚባል ነገር የለም።

ልል መሆን ብቻውን በሽታ አይደለም። አንዳንዱ 9 አምጥቶም ዕድሜውን ሙሉ ምንም አያመው። ህመምና ውልቃት ሲከተለው ግን ሌላ ነው። ኤለርስ-ዳንሎስ የሚባሉትን፣ የሰውነት ማያያዣው ከዘር የሚደክምባቸውን ችግሮች፣ የእ.ኤ.አ. 2017ቱ ምደባ 13 ዓይነት ያደርጋቸዋል። መገጣጠሚያ የሚያላላው ዓይነት መነሻ ዘረመሉ አልታወቀም፤ ስለዚህ በደም ምርመራ አይለይም፣ በታሪክና በአካል ምርመራ እንጂ። እሱን መወሰን የሐኪሙ ድርሻ ስለሆነ ወደዚያው ላክኋት። የኔ ድርሻ ትከሻው ነው።

ለእናትየው ላስረዳ ስል ኮላጅን ምናምን እያልኩ ተንተባተብኩ። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ልል ስለሆነ ጡንቻው እሱን ተክቶ ይዞ ይውላል አልኳቸው። ሳልጨርስ ገባቸው። ባለቤታቸው ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ጫኝ ነው።

«ገመዱ ከላላ ሰው ከጎን እየደገፈ ነው የሚሄደው» አሉ። «ታዲያ ያ ሰው ማታ ወገቤን ቢል ይፈረድበታል?»

እኔ እንግዲህ ደጋፊውን ነው ገፍትሬ የጣልኩት።

እንደ አዲስ ጀመርን። አሁን ትከሻው መጨረሻው ድረስ እንዲሄድ አንፈቅድለትም። ክርኗን አጥፋ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ ግድግዳውን በጡጫዋ ትገፋለች። ክንዱ አይንቀሳቀስም፤ እስከ 10 ትቆጥራለች፣ ትለቃለች። ይሄው ነው። «ዶክተር፣ ይሄም ስፖርት ነው?» ትለኛለች። በማግስቱ ካመማት ቁጥሩን እንቀንሳለን። ላስቲክ መሳብ የጀመረችው ከሳምንታት በኋላ ነው።

አንድ ቀን «ዓይንሽን ጨፍነሽ ክንድሽን በትከሻሽ ልክ ወደ ጎን ዘርጊ» አልኳት። ዘረጋች። እጇ ጆሮዋ ጋ ደርሷል። «ልክ ነው?» አልኳት። «ልክ ነው» አለች በሙሉ ልብ። ዓይኗን ስትገልጥ ራሷ ሳቀች። መገጣጠሚያቸው ልል የሆነ ብዙ ሰዎች ላይ ይሄ አለ፤ ክንዳቸው የት እንዳለ ሳያዩ ማወቁ ደከም ይላል። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው መስታወት ፊት ትሠራዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ጨፍና።

የቤት ሥራም ነበራት። 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠል ቀረ፤ ግማሽ ተሞልቶ፣ ከሰውነት ተጠግቶ፣ እጅ እየተቀያየረ ሆነ። ክንድን ከራስ በላይ ዘርግቶ መተኛትም ቀረ።

ከዚያ ሁለተኛውን ጥፋት አጠፋሁ። «እስክስታውን ተዪው» አልኳት። ሁለት ሳምንት ጠፋች። ለወሎ ልጅ እስክስታ ተዪ ይባላል? ስልክ ደውዬ «ነይ፣ እስክስታውን አሳዪኝ» አልኳት። የስልኳን ከበሮ ከፍታ ወረደችልኝ። ሳየው እሷን የሚጎዳት ስብቂያው አይደለም። እሱማ አጭር ነው፣ ትከሻውን መሐል ላይ ነው የሚያሠራው። ጣጣው መጨረሻ ላይ ለጭብጨባ ብላ ክንዷን ወደ ኋላ የምትወረውራት ነገር ናት። እሷን ብቻ አስቀረናት። በዝግታ ከበሮ ጀምረን ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ጨመርን። ስድስት ወር ወሰደብን። ውልቃቱ ጨርሶ ጠፋ አልልም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣው፤ እሱም ሚኒባስ ውስጥ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ ሳለ።

ቅጹ አሁንም ያው ቅጽ ነው። ግርጌው ላይ ግን በእስኪሪብቶ አንድ ጥያቄ እጽፍበታለሁ፦ «ልጅ ሳሉ በሰውነትዎ ጓደኞችዎን የሚያስገርሙበት ነገር ነበረዎት?» ባለፈው ከሐይቅ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ታመው መጡ። ጠየቅኳቸው። ግራና ቀኝ አዩ፣ ልጃቸው ወጥቶ እንደሆነ አረጋገጡ፣ ጥምጥማቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጆሯቸውን አንቀሳቀሱልኝ።