2015 በማን አቆጣጠር?

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲያወርደው ከጣና ዳር ወደ ቤት ስመለስ መኪናዬ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ፍሬን ያዝኩ፣ ወይ ፍንክች! አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳትኩ። ጎማዎቼ ሙልጭ ብለው አልቀው ነበር፣ ጥፋቱ የራሴ ነው።

በማግስቱ አዲስ ልገዛ ሄድኩ። የጎማው ጎን ላይ 0915 ይላል፤ በ2015 በ9ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ሻጩ «2015 እኮ ትናንት ነው!» አለኝ። ወንድሜ፣ በፈረንጅ ነዋ! ትቼው ወጣሁ።

ይህን ጀርመን ላለው የአጎቴ ልጅ ስነግረው ሳቀና የራሱን ጣጣ አመጣ። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የምትባል ትንሽ ስፖርት መኪና አለችው፤ ሥራ ይሄድባታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የውድድር ሜዳ ወስዶ 20.8 ኪሎ ሜትሩን ይዞርባታል። ሰሚ ስሊክ የሚባለውን፣ ለውድድር ሜዳ የቀረበ ጎማ ላስገጥም ወይ አለኝ። ቪትዝ ነጂውን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሚ ስሊክ ጎማው ለስላሳ፣ ጥርሱም ትንሽ ነው። ሲሞቅ አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ ደስ ይላል። በብርድ ጠዋት ግን ይደነድናል፣ በዝናብ ደግሞ ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ ስለሚያንሰው እንደኔ ይንሳፈፋል፣ ቶሎም ያልቃል። ትሬድዌር የሚባለውን፣ ጎማው ሳያልቅ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚጠቁመውን ቁጥር እይ አልኩት፤ 200 እና ከዚያ በታች ከሆነ በአብዛኛው የውድድር ሜዳ ጠባይ አለው። ሜዳው ድረስ እየነዳ ሄዶ በዚያው ጎማ ለሚመለስ ሰው የመንገድ ስፖርት ጎማ ይሻላል። ብር ከተረፈው ሁለተኛ ቸርኬ ይግዛና ሰሚ ስሊኩን እዚያ ላይ ያስገጥም።

ትናንት አንድ ያገለገለ ሰሚ ስሊክ ፎቶ ልኮልኛል፣ በርካሽ አግኝቶ። መጀመሪያ ጎኑን አንሥተህ ላክልኝ አልኩት።