ድንኳኑ፣ ደረሰኙና ማስተርሴ

ሐዋሳ ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሴን የሠራሁት ሁለት ዘርፍ አጣምሬ ነው። አንዱ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ የምንለው ነው። ብዙ ማሽኖች በኔትዎርክ እየተነጋገሩ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ቢዘገይ ሥራው እንዳይቆም ምን ይደረግ? ሌላው በኮምፒውተር የሚታገዝ የጋራ ሥራ ጥናት ነው። እዚህ ጥያቄው ስለ ሰዎቹ ነው። አብረው የሚሠሩ ሰዎች እንዴት ይቀናጃሉ? ሶፍትዌሩ ሲገባ ይቀልላቸዋል ወይስ ይብስባቸዋል?

ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ተማሪ ብዙ አይገኝም። ጓደኞቼ "አንተ ልጅ፣ ምናለ እንደ ሰው ማሽን ለርኒንግ ብትሠራ?" ይሉኝ ነበር። እውነት አላቸው። ዳታው ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ውጤቱ በፐርሰንት ይወጣል፣ በጊዜ ትመረቃለህ። የእኔን መንገድ ለመሞከር የሚያስብ ካለ ግን ያለፍኩበትን ልንገረው።

አድቫይዘሬ በመጀመሪያው ስብሰባችን የሰጠኝ ምክር አንድ ነው። "ኮድ እንዳትጽፍ። አብረው የሚሠሩ ሰዎች ፈልግና አጠገባቸው ቁጭ በል።" አክስቴ አባል የሆነችበት፣ መናኸሪያ አካባቢ ያለ የሰፈር ዕድር መረጥኩ። ዕድር ሲሉት ቀላል ይመስላል። ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ንብረት ክፍል አለ። ሁሉም የየራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ለዕድሩ የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። መዝገቡ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብና ክብር ነው። ለጥናት ከዚህ የተሻለ የጋራ ሥራ ከየት ይመጣል?

ስገባ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ይዤ ነበር። ያለ እሱ አትሞክሩት። ደብዳቤውን እያገላበጡ ካዩ በኋላም አንድ አባት "ከግብር ጋር ነገር የለህም አይደል ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። እንደሌለኝ ያመኑኝ አክስቴን ጠርተው ካጣሩ በኋላ ነው።

ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ክፍያ ይሰበሰባል። ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ጸሐፊው የአባሉን ስም ጮክ ብለው ያነባሉ። ገንዘብ ያዡ ስሙን ሰምቶ ብሩን ይቆጥራል። ተቆጣጣሪው በአባሉ ካርድ ላይ ማኅተም ያሳርፋል። ማንም ማንንም "ጨረስክ ወይ?" አይልም። የጸሐፊው ድምፅ ብቻውን ሥራውን ያያይዘዋል። ስም ተጠርቶ ብር ካልተቆጠረ ሦስቱም እኩል ቀና ይላሉ።

ይህን ሳይ ያነበብኩት ነገር ገባኝ። የጋራ ሥራ ጥናት ስሙን ያገኘው አይሪን ግሪፍና ፖል ካሽማን በ1984 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ላይ ባዘጋጁት ወርክሾፕ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ትልቅ ጉባኤም በ1986 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ተካሄደ። በዘርፉ ዝነኛ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በ1992 የወጣው የተመራማሪዎቹ የሂዝና የላፍ ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ገብተው ሠራተኞቹን ተከታተሉ። ሠራተኞቹ አንዱ የሌላውን ስልክ በጆሮ እያዳመጡ፣ ሥራውን በዓይን እየተከታተሉ፣ ሳይነጋገሩ ይግባቡ ነበር። ከሐዋሳው ጠረጴዛ ጋር ልዩነቱ የባቡሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የዲዛይን ውሳኔዬ አለማድረግ ሆነ። ለሦስቱም ስልክ አድዬ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በዝምታ እንዲነካካ ማድረግ ይቻል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ስልክ ብቻ፣ ጸሐፊው እጅ ላይ ይሁን አልኩ። ንባቡ ጮክ እንዳለ ይቀጥል።

ኔትዎርክ የሚያስፈልገው ከጠረጴዛው ውጪ ነው። በሳምንቱ መሀል አባላት ጸሐፊው ቤት ሄደው ይከፍላሉ፤ ወይ ገንዘብ ያዡ ሱቅ ጎራ ብለው ይከፍላሉ። ሁለት መክፈያ ቦታ፣ ሁለት መዝገብ፣ መሀል ላይ የሚጠፋ መብራትና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት። የመማሪያ መጻሕፍቱ በሥዕል የሚያሳዩት ችግር ሰፈራችን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እዚህ ላይ ነው ደረሰኙ ያስገረመኝ። ሁለቱም ሰዎች ቀድሞ ቁጥር የታተመበት የየራሳቸው ጥራዝ አላቸው። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይጋጭም። ሳይደዋወሉ፣ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ ክፍያ የብቻው ቁጥር ያገኛል። ትልልቅ ዳታቤዞችም ለየማሽኑ የቁጥር ክልል ቀድመው ሲያድሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔም አዲስ ቁጥር አልፈጠርኩም። የደረሰኙን ቁጥር የመዝገቡ መለያ አደረግኩት።

መለያው ከተገኘ ቀሪው በ2011 ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ይገጥማል። ከግጭት ነፃ የሆኑ የዳታ ዓይነቶች ይሏቸዋል። ክፍያ ይጨመራል እንጂ አይሰረዝም፤ ስህተት ካለ ማስተካከያው ራሱን የቻለ አዲስ መስመር ሆኖ ይገባል። መረጃው ቀድሞ ቢደርስ፣ ዘግይቶ ቢደርስ፣ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ድምሩ ያው ነው። ሁለቱ ስልኮች ሲገናኙ ያላቸውን ይለዋወጣሉ፣ በቃ። ዳኛ የለም።

ሰዓትን ማመን ግን አይቻልም። ሁለት ሰው አንድ መረጃ ሲቀይር ቀላሉ መፍትሔ "በመጨረሻ የተጻፈው ይጽና" የሚለው ነው። ይህ የሚሠራው የስልኮቹ ሰዓት ከተስማማ ነው። ገንዘብ ያዡ ስልኩን በኢትዮጵያ ሰዓት ሞልቶታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሁለት ይላል፤ የጸሐፊው ስልክ ደግሞ ስምንት። ስድስት ሰዓት ልዩነት! የአባሉን አድራሻ ጸሐፊው ቀይረው ከሦስት ሰዓት በኋላ ገንዘብ ያዡ ቢያስተካክለው፣ ሲስተሙ አዲሱን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ይጥለዋል። ማንም ሳያውቅ።

መድኃኒቱ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ያሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ስንት ሰዓት ሆነ የሚለውን ትቶ፣ የትኛው ከየትኛው በፊት ሆነ የሚለውን በቁጥር ይይዛል። እያንዳንዱ ማሽን ቆጣሪ አለው። አንድ ነገር ሲፈጽም ቆጣሪውን ይጨምራል፤ መልእክት ሲልክ ቁጥሩን አብሮ ይልካል፤ ተቀባዩም ከራሱና ከመጣው ትልቁን ወስዶ አንድ ይጨምራል። ይህን ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ሳነበው ደረቅ ሒሳብ ነበር። የገንዘብ ያዡን ስልክ ካየሁ በኋላ ግን ለማስረዳት እንኳ አልተቸገርኩም። ቀኑን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው እንደሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀመጥኩት። ጳጉሜን የማያውቅ የቀን መምረጫ ይዞ ዕድር መግባት ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንምጣ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

ኤሪክ ብሩወር በ2000 አንድ ግምት አቀረበ፤ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ አረጋገጡት። ኔትዎርክ ሲቆረጥ ከሁለት አንዱን ትመርጣለህ። ወይ ሁሉም ማሽን ያው መረጃ እንዲያሳይ ትጠብቃለህ፤ ያኔ አንዳንዱ መልስ መስጠት ያቆማል። ወይ ሁሉም መልስ ይሰጣል፤ ያኔ መልሱ ሊለያይ ይችላል። ተማሪ ይህን ሲማር "የእኔ ሲስተም የትኛው ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ዕድር ቤት የተማርኩት ጥያቄው ለሲስተሙ በጅምላ እንደማይቀርብ ነው። ለእያንዳንዱ መረጃ ለብቻው ይቀርባል።

ክፍያ ዘግይቶ ቢዋሃድ ማንም አይጎዳም። ትልቁ ድንኳን ግን አንድ ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ቤት ለቅሶ ቢገባና ሁለት ሰው በተቆራረጡ ስልኮች "ድንኳኑን ውሰዱ" ብሎ ቢፈቅድ፣ በኋላ የሚያስታርቀው አልጎሪዝም የለም። ሐዘንተኛን "ይቅርታ፣ ሲንክ አላደረገም ነበር" ማለት ይቻላል? ዕድሩ ይህን ከእኔ በፊት ፈትቶታል። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ ያለውም ንብረት ክፍሉ ኪስ ውስጥ ነው። አግዳሚውም፣ ብረት ድስቱም፣ ድንኳኑም ከሳቸው ፈቃድ ውጪ አይወጣም። እሳቸው ካልተገኙ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። መጠበቁ የተመረጠ ነው።

ንብረት ክፍሉ ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ተራ ስልክ ነው ያላቸው። ስለዚህ በእኔ ሲስተም ማንም ድንኳን መፍቀድ አይችልም። እሳቸው ጋ ይደወላል፣ ይፈቅዳሉ፣ ጸሐፊው የተፈቀደውን ይመዘግባሉ። አንዳንድ ተማሪ ይህን "ቴክኖሎጂ ያልደረሰበት ክፍል" ይለው ይሆናል። ለእኔ ከቴሲሴ ሁሉ የምኮራበት ምዕራፍ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ የነበረው ማን ይለፋል፣ ማን ይጠቀማል የሚለው ነው። ጆናታን ግሩዲን በ1988 እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች ለምን እንደሚወድቁ ሲያስረዳ መጀመሪያ ያነሳው ይህንን ነው። ምሳሌው የኤሌክትሮኒክ ቀን መቁጠሪያ ነበር። የሚጠቀመው ስብሰባ ጠሪው ነው፤ በየቀኑ መሙላት ያለበት ግን ሌላው ሁሉ ነው። ዕድራችንም ውስጥ ሰብሳቢው ነገሩን በጣም ወደዱት። "ሪፖርቱ በስልኬ ይመጣል ማለት ነው?" መሙላቱ ግን ጸሐፊው ላይ ነው፤ ደብተሩም አይቀርም፣ ስልኩም ተጨመረ። እሳቸውን ምን ይጠቅማቸዋል? ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቁጭ ብዬ ስጠይቃቸው የወር መጨረሻ የውዝፍ ዝርዝር ማውጣት ዓይናቸውን እንደሚፈጀው ነገሩኝ። ከሪፖርቱ በፊት እሱን ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ያለማንም ጉትጎታ ይሞሉ ነበር።

ውዝፍ ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው ደብተሩን ለአባል ሲያሳዩ የሌሎቹን መስመር በእጃቸው መዳፍ ይሸፍናሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሰው ገበና ነው። መረጃን በሁሉም ስልክ ላይ የሚያባዛ ሲስተም ይህን መዳፍ ያነሳዋል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ስልክ ላይ ደረሰኝና ድምር ብቻ እንዲደርስ አደረግኩ፤ የውዝፉ ዝርዝር ጸሐፊው ጋ ይቀራል።

የስም ጉዳይ ባጭሩ፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ፀሐይ፣ ጸሃይ። ሁለት ሰው ሲጽፍ አንድ አባል ሦስት ይሆናል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ አምጥቶ የሚፈልግ ኮድ ቀድማችሁ ጻፉ። ለፍለጋ ብቻ ይሁን፤ የሰውን ስም አጻጻፍ አትቀይሩበት።

ሙከራው ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ካውች ዲቢና ፓውች ዲቢ የሚባሉ ዳታቤዞች ተጠቀምኩ፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራሉ፣ ሲገናኙ ይለዋወጣሉ፣ ግጭት ሲኖርም የተሸነፈውን ጽሑፍ አይጥሉትም። ሊኑክስ ላይ ኔትኤም የሚባል መሣሪያ አለ፤ መልእክት ሆን ብሎ ያዘገያል፣ ይጥላል። ስልኮቹን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ መክፈልም ጥሩ ፈተና ነው። መብራት መጥፋቱን በነፃ እናገኘዋለን። የለካሁት ሁለት ነገር ነበር፦ ከተገናኙ በኋላ በምን ያህል ፍጥነት ይስማማሉ፣ ምን ያህል ፓኬጅ ይበላሉ። ሁለተኛውን ኮሚቴው ከአንደኛው ይልቅ ጠይቆኛል።

ለንባብ የኤምአይቲ የዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ትምህርት በዩቲዩብ በነፃ አለ። ቪዲዮውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ራፍትን፣ ማለትም ማሽኖች መሪ መርጠው መዝገባቸውን የሚያስማሙበትን ዘዴ፣ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስገነባውን የላብ ሥራ ሞክሩት፤ ያስለቅሳል፣ ግን ያስተምራል።

ዲፌንስ ላይ የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ። "አንድ ዕድር አይተህ ስለ ዕድር ሁሉ ትናገራለህ?" አልናገርም። ያቀረብኩት የትኛው መረጃ ዘግይቶ ቢዋሃድ እንደማይጎዳ፣ የትኛው ደግሞ የአንድ ሰው ፈቃድ መጠበቅ እንዳለበት የመለየት ዘዴ ነው፤ ሌላ ዕድር ውስጥ ዝርዝሩ ሊቀየር ይችላል። ይህን ቀድሜ ከቴሲሱ መግቢያ ላይ ስለጻፍኩት ገጹን ጠቁሜ ተሻገርኩ።

ያልነካሁት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ ርክክብ። ራፍት መሪ ሲጠፋ ሌላ ይመርጣል። ራፍትን ያስተዋወቀው ጽሑፍ ያቀረበው የመጠበቂያ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ለመመረጥም ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል። ዕድሩም ጸሐፊ ሲቀይር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ግን ደብተር፣ ጥራዝና ማኅተም በፊርማ ይረካከባሉ፤ አሮጌው ጸሐፊ በአዲሱ ስም መጻፍ እንዳይችል። የእኔ ሲስተም የስልክ ርክክብን አያውቅም። አሮጌው ስልክ ላይ ያልተላለፈ ክፍያ ቢቀርስ? አሮጌው ጸሐፊ ከምርጫው በኋላ ደረሰኝ ቢቆርጥስ? ቴሲስ የሚፈልግ ካለ ርዕሱ ክፍት ነው፤ ኮዱንም እሰጠዋለሁ።