የቡብካ ሦስተኛ ሙከራ

የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሲባል እኛ ቤት የምትነሳው ደራርቱ ናት። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ ማን ያልተነካ አለ? እኔ ግን ያን ቀን ሳስብ ሌላም ሰው ውስጤ ይመላለሳል። በዚያው ዕለት፣ ኦገስት 7 ቀን 1992፣ በዚያው ሜዳ የምርኩዝ ዘላዩ ሰርጌይ ቡብካ ምርኩዙን ይዞ ቆሞ ነበር።

ሰውየውን የሚችለው አልነበረም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1985 ፓሪስ ላይ 6 ሜትርን በታሪክ የመጀመሪያ ሆኖ የዘለለው እሱ ነው። ክብረ ወሰኑን በአብዛኛው በአንድ በአንድ ሴንቲሜትር ነበር የሚያሻሽለው፤ በየክብረ ወሰኑ ሽልማት ስላለ ለገንዘብ ብሎ ነው ይሉታል። ይበሉ። 35 ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ላይ መውጣት በገንዘብ ፍቅር ብቻ የሚሆን አይመስለኝም።

ዛሬ ማታ የድሮ ዝላዮቹን ሳይ አመሸሁ። ብዙ ሰው ዓይኑ አግዳሚው ላይ ነው። እኔ ሩጫውን ነው የማየው። ምርኩዙን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ምርኩዙ ደግሞ በቀላሉ የሚጎብጥ አይደለም። በፍጥነት ሮጦ ካልመጣ ምርኩዙ መልሶ ይጥለዋል። ጫፉ መሬት ውስጥ ሲሰካ ክንዶቹ ወደ ላይ ተዘርግተዋል፣ ደረቱ ወደፊት ተገፍቷል። ከዚያ እግሮቹ ወደ ሰማይ።

ኦሊምፒክ ግን አልሆነለትም። በ1984 ሎስ አንጀለስ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለንደን ላይ 5.90 ዘሎ ነበር። አገሩ ሶቪየት ኅብረት ግን ከኦሊምፒኩ ቀረች፤ ወርቁ በ5.75 ተወሰደ። ይህ ቁጭት ለኛ አዲስ አይደለም፤ የኛም ልጆች በ1984ም በ1988ም ቀርተዋል። እሱ በ1988 ሴኡል ላይ አሸነፈ። ያውም 5.90ን በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ሙከራ አልፎ።

ባርሴሎና ላይ በ5.70 ሁለቴ ሳተ። ሦስተኛዋንና የመጨረሻዋን ሙከራ እዚያው መጠቀም ይችል ነበር። አልፈለገም፤ ወደ 5.75 አዛወራት። ሳተ፤ ያለ ምንም ውጤት ወጣ። ማክሲም ታራሶቭ በ5.80 ወርቁን ወሰደ። ብዙዎች ቡብካን በትዕቢት ይከሱታል። እኔ ከሱ ጋር ነኝ። ለማሸነፍ የመጣ ሰው ነው፤ 5.70 ደግሞ ወርቅ አያመጣም።

በዚያው ወር መጨረሻ ጣሊያን ፓዶቫ ላይ 6.12 ዘሎ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ የካቲት አካባቢ ዶኔትስክ ውስጥ፣ በቤት ውስጥ ውድድር 6.15 አለፈ። ይህን ቁጥር የሚያልፍ ሰው እስኪመጣ 21 ዓመት ፈጀ።

በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ላይ የተረከዙ ጅማት አላስዘለለውም። ሲድኒም አልቀናውም። በመካከል ግን የ1997ቱ አቴንስ አለ፤ እኔ ከክብረ ወሰኖቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው። ዕድሜው 33፣ ጉዳቱ ገና ትኩስ። 6.01 ዘሎ ስድስተኛ የዓለም ሻምፒዮናውን ወሰደ። በ5.96 ሁለተኛ የወጣው ታራሶቭ ነበር።