ጆይስቲኩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

የዝላይ ቁልፉን ተጭናችሁ ገጸ ባህሪው ገደል ከገባ በኋላ ከዘለለ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጆይስቲኩ ነው። እጃችን ላይ ያለው እሱ ነዋ! የሚመጣው ምክርም ያው ነው፦ "ቀይረው፣ ደህና ዋጋ ያለውን ግዛ።" እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት መዘግየቱ የቱ ጋ እንደሚፈጠር በቁጥር ማየት ፈለግሁ።

ቁልፍ ስንጫን ነገሩ ብዙ እጅ ያልፋል። ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ቺፕ መጫኑን ያውቅና በኬብል ወይም በብሉቱዝ ይልከዋል። ኮንሶሉ ይቀበላል። ጌሙ ቀጣዩን ፍሬም (ቀጣዩን አንድ ምስል) ሲያሰላ ከግምት ያስገባዋል። ከዚያ ምስሉ ይሳላል፣ ወደ ቲቪው ይሄዳል፣ ቲቪው ደግሞ እንደ አቅሙ አሰማምሮ ያወጣዋል። ሁሉም የየድርሻውን ሚሊ ሰከንድ ይቆርጣል። እኛ ጋ የሚደርሰው ድምሩ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በስሜት ብቻ ጥፋተኛውን መለየት የማይቻለው።

ለመለካት የሚያስፈልገው ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ስልክ ነው። የኔ በሰከንድ 240 ፍሬም ይቀርጻል። ይህ ማለት አንዱ ፍሬም 4.17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስልኩን ጣቴና ስክሪኑ አብረው እንዲታዩ አድርጌ አቆምኩት። እዚህ ጋ ትንሽ ብልሃት አለ። ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አሳርፋችሁ ከተጫናችሁ የተጫነበትን ቅጽበት ቪዲዮው ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ጣትን ከፍ አድርጎ ቁልፉን መታ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እየገፉ ቁልፉ ከወረደበት ገጸ ባህሪው ንቅል እስካለበት ድረስ መቁጠር ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ በመሃል ራሳቸው ፍሬም እየፈጠሩ ስለሚጨምሩ፣ በትክክል የሚቀርጸውን ሞድ መርጣችሁ ተጠቀሙ።

ውጤቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ጣታችን ከጌሙ ሰዓት ጋር ቀጠሮ የለውም። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሰራ ጌም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ፍሬሙ ሊጀምር ሲል ከተጫናችሁ ወዲያው ይያዛል፤ ከጀመረ በኋላ ከሆነ የሚቀጥለውን ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። የምታዩትም ሁሌ አንድ የስክሪን ቦታ ይሁን። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚሳል ታችኛው ጥግ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ሙከራውን ያለ ኢንተርኔት በሚሰራ ጌም ላይ አድርጉት፤ ፒንግ (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ከገባበት የምትለኩት ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያው ልኬት አማካዩ 40 የካሜራ ፍሬም አካባቢ መጣ። ወደ 167 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። ጆይስቲኩን ሳልነካ የቲቪውን ሴቲንግ ከፍቼ ጌም ሞድ አበራሁ። ቁጥሩ ወደ 22 ወረደ፤ 92 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። በአንድ ምርጫ ብቻ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው!

ምክንያቱ ሲገባን አይደንቅም። ዘመናዊ ቲቪ ምስሉን እንደመጣ አያሳይም። ጥራት ይጨምራል፣ ቀለም ያስተካክላል፣ እንቅስቃሴን ያለሰልሳል። በተለይ ይህ ማለስለስ የሚሉት ነገር ለጌም ጠላት ነው። በሁለት ፍሬሞች መካከል አዲስ ፍሬም ለመፍጠር ሁለተኛው ፍሬም እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። እስኪደርስ የመጀመሪያውን ይዞ ይቆያል። ለፊልም ማንም ልብ አይለውም። ጌም ሞድ አብዛኛውን እንዲህ ያለ ሥራ ያጠፋዋል። አዳዲሶቹ ቲቪዎችና ኮንሶሎች በኤችዲኤምአይ 2.1 በመጣው ኤኤልኤልኤም በሚባል ነገር ተግባብተው ራሳቸው ሞዱን ይቀይራሉ። ብዙ ቲቪዎች ላይ ግን ሴቲንጉ ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። ኬብሉን ወደ ሌላ ቀዳዳ ካዞራችሁ እንደገና አረጋግጡ። ሞኒተር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው "1 ሚሊ ሰከንድ" ደግሞ አያታላችሁ። እሱ ፒክሰሉ ቀለም ለመቀየር የሚወስደው ጊዜ ነው። ኢንፑት ላግ፣ ማለትም ምልክቱ ደርሶ ምስሉ እስኪወጣ ያለው መዘግየት፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀጥዬ ወደ ጌሙ ሴቲንግ ገባሁ። "ኳሊቲ" እና "ፐርፎርማንስ" የሚል ምርጫ ነበረው። የመጀመሪያው በሰከንድ 30 ፍሬም ነው፤ አንዱ ፍሬም ብቻውን 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ወደ 60 ስቀይረው አማካዩ ወደ 15 የካሜራ ፍሬም፣ ማለትም 62 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወረደ። ሣሩ ትንሽ ደብዘዝ አለ። ይደብዝዝ። ኮምፒውተር ላይ ለምትጫወቱ ቪ-ሲንክም እዚሁ ይገባል። ምስሉ እንዳይቆራረጥ ፍሬሞችን ወረፋ ያስይዛል፤ ወረፋው ደግሞ ጊዜ ነው። ቪአርአር ያለው (ፍጥነቱን ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስተካክል) ሞኒተር ካላችሁ፣ የጌሙን ፍሬም ሞኒተሩ በሰከንድ ማሳየት ከሚችለው ከፍተኛ ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብ ወረፋውን ያስቀረዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጆይስቲኩ ጋ የደረስኩት። በኬብልና በብሉቱዝ ለካሁ። ልዩነቱ አንድ ሁለት የካሜራ ፍሬም ቢሆን ነው፤ የስልኬ ካሜራ ከዚያ በላይ አብራርቶ ሊለየው አይችልም። ሂሳቡም ይህንኑ ይላል። ኮምፒውተሩ ጆይስቲኩን በሰከንድ 125 ጊዜ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ከጠየቀው በጥያቄዎቹ መካከል 8 ሚሊ ሰከንድ አለ። 1000 ጊዜ የሚጠየቅ ጆይስቲክ ብትገዙ ያ ወደ 1 ይወርዳል። በአማካይ የምታተርፉት ከ4 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ቲቪው ብቻ ምን ያህል ወስዶ እንደነበር ከላይ አይታችኋል።

ብሉቱዝ የሚያስቸግረው ሲጨናነቅ ነው። የሚሰራው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ ዋይፋይም እዚያው አለ። የዩኤስቢ 3 ቀዳዳም በዚሁ ሰፈር ጫጫታ ይፈጥራል። የጆይስቲኩን መቀበያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነቅሎ በማራዘሚያ ኬብል ፊት ለፊት ማምጣት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ኬብል ስለሰካችሁ ብቻ ደግሞ በኬብል ነው የምትጫወቱት ማለት አይደለም። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በሴቲንግ፣ አክሰሰሪስ፣ ኮንትሮለርስ ገብታችሁ መገናኛውን ወደ ዩኤስቢ ካልቀየራችሁት፣ ኬብሉ እያለም በብሉቱዝ ሊሰራ ይችላል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ኬብሎችም አሉ፤ እነሱ ዳታ የሚባል ነገር አያልፍባቸውም።

ካሜራው የማይዘው አንድ የጆይስቲክ ጉዳይ አለ፤ ዴድዞን። ስቲኩን (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ) ከመሃል ትንሽ ስትገፉት ጌሙ ሆን ብሎ የማይሰማበት ክልል ነው። ሰፊ ከሆነ ጆይስቲኩ ዘገምተኛ ይመስላል፤ የዘገየ ነገር ግን የለም፣ ገና አልደረሳችሁም። እኔ ስቲኩን ለቅቄ የጌሙ እይታ ራሱን በራሱ መንሸራተት እስኪጀምር ዴድዞኑን ዝቅ አደረግሁት፣ ከዚያ ትንሽ መለስኩት። ነገሩ ወዲያው ቀለለኝ። ያረጀ ስቲክ ግን ዴድዞን ሲቀነስለት ይንሸራተታል። ውስጡ እየተፋተገ የሚያልቅ ክፍል አለው። በማግኔት የሚሰሩት፣ ሆል የሚባሉት፣ ይህ መፋተግ የለባቸውም። ጆይስቲክ መቀየር ካለባችሁ እኔ ከ1000 ቁጥሩ ይልቅ ይህን አያለሁ።

የቀረው የጌሙ የራሱ ነው። እዚያው ጌም ውስጥ ሜኑ ላይ ወደ ታች ስትጫኑ ምርጫው ቶሎ ይወርዳል፤ ገጸ ባህሪው ሲመታ ግን ይቆያል። ከባድ ሰይፍ የያዘ ሰው ከመሰንዘሩ በፊት ክንዱን ወደ ኋላ እንዲስብ አድርገው ሠርተውታል፤ ያንን የትኛውም ሴቲንግ አያሳጥረውም። ሜኑውንም ጨዋታውንም ለየብቻ ለኩ። ሜኑው ፈጣን ሆኖ ሰይፉ ብቻ ከዘገየ ቲቪውንም ጆይስቲኩንም ተዉአቸው፤ ቀለል ያለ መሣሪያ ምረጡለት።