ፈርመው የተኳረፉ ባልና ሚስት

አሊስ ጊ-ብላሼ እ.ኤ.አ. በ1913 ያዘጋጀችው «እርስ በርሱ የሚለያይ ቤት» የተሰኘ ድምፅ አልባ አጭር ፊልም በሽቶና በጓንት ላይ የቆመ ነው። ባል ከቢሮው ሽቶ ሸትቶ ሲመለስ ሚስት ሌላ ሴት እንደያዘ ትጠረጥራለች፤ እርሱም በፋንታው የራሱ ያልሆነ ጓንት ቤቱ ውስጥ አግኝቶ ነገሩን ከሌላ ወንድ ጋር ያያይዘዋል። ተመልካቹ ሁለቱም ንጹሓን መሆናቸውን ስለሚያውቅ «ምናለ አንዴ ብትጠያየቁ!» እያለ ይቁነጠነጣል፤ እነርሱ ግን ጠበቃ ዘንድ ሄደው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ተለያይተው ለመኖርና በጽሑፍ ካልሆነ በቀር ላለመነጋገር ይስማማሉ።

እኔን የማረከኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በድምፅ አልባ ፊልም ሁሉም ዝም ያለ ስለሆነ ኩርፊያን ማሳየት ቀላል አይደለም፤ ተዋናዩ ከንፈሩን ካላንቀሳቀሰ ተመልካቹ ማኩረፉን ይረዳ ወይስ ማሰቡን? አሊስ ጊ መፍትሔውን ያገኘችው በብጣሽ ወረቀት ነው። ባልና ሚስቱ ለጥቃቅኑ ጉዳይ ሁሉ እየጻፉ ይለዋወጣሉ፤ በሌሎች ፊልሞች ታሪኩን እያቋረጠ የሚገባው ጽሑፍም እዚህ የታሪኩ አካል ይሆንና፣ እኛም ደብዳቤው ከደረሰው ሰው እኩል እናነበዋለን። ላለመነጋገር የሚደክሙት ድካም ከመነጋገር የባሰ መሆኑ ደግሞ ያስቃል።

ፈረንሳዊቷ አሊስ ጊ ፊልም መሥራት የጀመረችው የፈረንሳዊው ፊልም አምራች የሌዮን ጎሞን ጸሐፊ ሳለች ነበር። አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1910 ከባለቤቷ ጋር ሶላክስ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመች ሲሆን፣ በኒው ጀርዚ ፎርት ሊ በነበረው ስቱዲዮዋ ተዋንያን ተፈጥሯዊ እንዲሆኑ የሚያሳስብ ትልቅ ጽሑፍ ሰቅላ ነበር። እነዚህ ባለትዳሮች ቁጣቸውን ብዙም የማያጋንኑት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1906 ፈረንሳይ ሳለች የሠራችው ሌላ አጭር ፊልም ወንዶች ሲሰፉና ልብስ ሲተኩሱ፣ ሴቶች ደግሞ ሲጠጡና ወንድ ሲያሽኮረምሙ ያሳያል። በድፍረት እርሱ ይበልጣል፤ ቀልዱ ግን አንዴ ከገባን ብዙም አይጨምርም። በ1913ቱ ፊልም ቀናተኛዋ ሚስት ብቻዋን መሳቂያ አትሆንም፤ ባልም እኩል ሞኝ ነው፣ ውሉም ሁለቱን እኩል ያስራል። የማይጥመኝ እርቁ ብቻ ነው፤ ያን ያህል ወረቀት ተጻጽፈው የተኳረፉ ሰዎች እንዲያ በጥድፊያ ባይታረቁ እመርጥ ነበር።