ጆርጅታውን በአዲስ አሰልጣኝ ጀመረ!

በኖቬምበር 2023 አንድ ማታ ከስራ እንደወጣሁ ከእህቴ ልጅ ጋ እዚህ ዲሲ ካፒታል ዋን አሬና ገባን፣ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሲዝኑ መክፈቻ ነበር፣ ለአዲሱ አሰልጣኝ ለኤድ ኩሊም የመጀመሪያ ጌሙ። ሌ ሞይንን 94 ለ 57! እርግጥ ሌ ሞይን ገና በዛው ዓመት ነው ወደ ዲቪዥን አንድ፣ ማለትም ወደ ዋናው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ፣ የወጣው፣ ስለዚህ በዚህ ውጤት ብቻ ብዙ ማለት አይቻልም፣ ግን ያለፉትን ሁለት ሲዝኖች ያላየ ሰው የኛ ደስታ አይገባውም። በ2021-22 በሊጋችን በቢግ ኢስት 19 ጌም ተጫውተው 19ኙንም ነው የተሸነፉት እኮ፣ በ2022-23 ደሞ 2 አሸንፈው 18 ተሸነፉ።

የበፊቱ አሰልጣኝ ፓትሪክ ዩዊንግ ሲሰናበት ከልቤ ነው ያዘንኩት። በ1984 ተጫዋች ሆኖ ለዚህ ት/ቤት የአሜሪካ ኮሌጆችን ዋንጫ ያመጣ ልጅ ነው፣ የዛን ጊዜ አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ደሞ ያንን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ፣ ይሄ ታሪክ ለኛ ለዲሲ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ግን ለውጥ ያስፈልግ ነበር፣ በቃ።

ኩሊ የመጣው ከፕሮቪደንስ ኮሌጅ ነው፣ እዛው ፕሮቪደንስ ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጃቸው ስለሆነና ያውም እዛው ቢግ ኢስት ውስጥ ላለ ተቀናቃኝ ትቷቸው ስለሄደ ደጋፊዎቻቸው በጣም ተቆጥተው ነበር፣ እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆጣ ነበር። ለኛ ግን ጥሩ ሆነልን።

ልጁ መሀል ላይ ዞር ብሎ "አጎቴ ሁሌ እንደዚህ ነው የሚያሸንፉት?" አለኝ 😄 ከአሁን በኋላ አዎ አልኩት!

ቀጣዩ ጌም ከሆሊ ክሮስ ጋ ነበር። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።